ዳማ

ሰኞ ገበያ ጥግ፣ ከሞባይል ጥገናው ጎን፣
ባለ ሦስት ቴሌቪዥን ጌም ቤት አለን።
ደቂቃ የምቆጥር፣ ሒሳብ የምቀበል፣
«ሞልቷል፣ ተነሥ!» የምል፣
እኔ ነኝ፣ ዘሃራ።

ልጆቹ ኳስ ናቸው፤ ኳስና ቡጢ ብቻ።
ጋሽ እንድሪስ በሰኔ ዝናብ መጣ፣ ከኮምቦልቻ፤
ጃንጥላውን አራግፎ በር ላይ ቆመና፣
«መኪና አለ?» አለኝ። «የሚነዳ መኪና።»

የእሽቅድድሙን ብሰጠው ጠላው፤
«የት ሊደርስ ነው የሚጣደፈው?» ብሎ አጠፋው።

ከሥር አንድ ዲስክ ነበር፣ ሰው የማይጫወተው፣
ጠላት የለው፣ ጎል የለው፣ ነጥብ እንኳ የለው።
ዝገት የበላት አሮጌ መኪና ይሰጡህና
መንገድ ነው በቃ። ጭጋግ፣ ዝናብ፣ መንገድ እንደገና።
ጎማ ሲፈነዳ ወርደህ ትቀይራለህ፣
ከወዳደቀ መኪና በር ትፈታለህ፣
ሲመሽ መብራቷን አጥፍተህ
እዚያው ታድራለህ።

በሁለተኛው ቀን «ዳማ» አላት።

የፊተኛዋ ዳማ ኤን ትሬ ነበረች፤
ከአሰብ ጨው ጭና፣ ባቲን አቋርጣ፣ ሐረጎን የወጣች፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራው የኖረች፣
ኋላ ከብረት ማቅለጫው በር
በኪሎ የተሸጠች።
የግራ መስታወቷን ብቻ አስቀርቷል፤
ጠዋት ጠዋት ፂሙን ይላጭበታል።

እንግሊዝኛ አያነብም። ቀይ ጽሑፍ ሲበራ
ልተረጉምለት ስል፣ «ተይ» ይለኛል፣ «እኔን ነው የምትጣራ፤
ውሃ ጠምቷት ነው።» ዳር ይዞ ያቆማል፣
ኮፈኗን ከፍቶ እስክትበርድ ይጠብቃል።
ይጠብቃል፣ እውነቴን ነው! ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስተኝቶ፣
በብር የገዛውን ደቂቃ ለእረፍቷ ሰጥቶ።

ቶፊቅና ቢተው ይስቁበታል፤
«ፋዘር፣ ርገጠው! ፖሊስ እኮ የለም» ይሉታል።
«ፖሊስ ባይኖር ገደል አለ» ይላል፣
መታጠፊያ ሲደርስ ጥሩምባ ይነፋል፤
ከወዲያ ማንም በማይመጣበት ዓለም
ሳይነፋ ያለፈው ጥምዝ የለም።

አንድ ማታ ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ፒያሳን ሲውጥ
መብራት ሄደ። ልጆቹ ጮኹ፣ አንዱ ተሳደበ።
ጋሽ እንድሪስ አልተነሣም፤ እጁ እንደጨበጠ፣
«አሁን ሁለተኛ» አለ በጨለማው።
«ሁለተኛ ማርሽ። ፍሬን አትመኑ፣
ሐረጎ የሚወረደው በሞተር ነው።
ቀኝ ገደል። ግራ ግንብ። አሁን ባሕር ዛፎቹ፣
ቀስ… ቦርከና ከታች ይታያል፣ አትዩት፣ መንገድ እዩ።»
ፀጥ አሉ።
ከልጆቹ አንዱ ከጥምዙ ጋር ወደ ቀኝ ሲያዘነብል
በርጩማው ሲጢጥ ሰማሁ።

ነሐሴ ላይ ካርታው አለቀ። ድልድይ፤
ከድልድዩ ማዶ አዲስ መኪና፣ ቀለሟ የሚያበራ።
ያን ቀን ግን «ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀኝ።
«አሮጌዋን ትተህ በዚያችኛዋ ሂድ ነው የሚል።»
«ይቺስ?»
«ትቀራለች።»
«የት?»

መልስ አልነበረኝም።
የኋላ ማርሽ አስገባ። ጠባብ ነበር፤ ሦስቴ ተመላልሶ አዞራት።
«ፋዘር፣ ወዴት?» አለ ቢተው።
«ወዴት ይሆናል? ወደ ቤት።»

ጨዋታው ለተመላሽ ያሰበው የለም፤
አዲስ ዕቃ፣ አዲስ ምልክት፣ አዲስ ሰው የለም፤
ሲሄድ የፈታው በር አሁንም ተፈትቷል፣
ሲሄድ የጣለው ጎማ ዳር ላይ ወድቋል፤
እሱ ግን እያንዳንዱን «አለህ ወይ?» ይለዋል።

አሁን ጥቅምት ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ናቸው።
ትናንት ቶፊቅ ተራው ደርሶ ኳሱን ተወው፤
በርጩማውን ስቦ በቀኙ ተቀመጠ፣ ረዳት ወንበር ላይ፣
«ጋሼ» አለ፣ «የኋላዋን ጎማ ወርጄ ልይ?»

እኔም የራሴ ጥፋት አለኝ፣ ልናገር፤
ዳማ ውሃ ስትጠጣ ሰዓት አልቆጥርም።
ለቤቱ ጌታ፣ አደራ፣ ማንም አይነግርም።