ገመድ ሳቢው

የኔ ድርሻ ገመድ፣ ቃል አልተሰጠኝም፤
ከመጋረጃው ጥግ ማንም አያየኝም።
ከየቤቱ አንሶላ በልመና አምጥተን፣
አበባ ካበባ በመርፌ አገናኝተን፣
ሰኔ ነው። ቢቸና። የወላጆች በዓል።
ሰማዩ ካንማው ፊት ጉሮሮ ይጠርጋል።

ይታይሽ ዳኛ ናት፤ የበግ ፀጉር ጢሟ፣
ያባቷ ካፖርት ነው እስከ ቁርጭምጭሟ።
አንማው የተሰጠው «ተነሡ!» ብቻ ነው፤
ሳምንቱን በሙሉ ለባሕር ዛፍ ሲለው፣
ዛፍ መች ይቀመጣል፣ ቆሞ ነው የሰማው።

መጣና ዝናቡ ቆርቆሮውን መታ፤
መብራት እልም አለ። ጨለማ፣ ለአፍታ።
ከኋላ ካግዳሚው አንድ ስልክ በራ፣
ከዚያ አሥር፣ ከዚያ መቶ፣ አንዱ አንዱን ሲጠራ፤
ጩኸቱ፣ ፉጨቱ፣ የእግሩ ድብደባ፣
ከዝናቡ ጋራ ውድድር ተገባ።

የይታይሽ ጢም ወደቀ።

ጎንበስ ብላ አነሣች፤ ቃሉ ከደብተር የለም፣
ማንም አልጻፈላት፦
«ፍርድ ቤቱ ተላጭቷል፤ ክርክሩ ይቀጥል!»

አንማው ያኔ ነቃ፣ ዘግይቶ፣ በጩኸት፦
«ተነሡ!»
ተነሣን።
ጃንጥላ በብብት የያዙት አባቶች፣
ርእሰ መምህሩ ከስፖንጁ ወንበር፣
ፊቱን ፈትቶ የማያውቀው የሒሳብ መምህር፣
አሥረኛ «ለ» በሙሉ ካግዳሚው በላይ፤
እኔም ገመዱን ጥዬ።
መዝጋት ነበረብኝ፤ ረሳሁት።

ሰኞ ፈተና ነው፤ ይታይሽ ካገጯ
ገና አልለቀቃትም የዳኝነት ሙጫ።
መዳፌ ላይ ቀይ መስመር፣ የገመዱ ፈለግ፣
እስክሪብቶ ስይዝ ያመኛል።
እናቴ አንሶላዋን ጠየቀችኝ ማታ።
«ገና አላለቀም» አልኳት።