የብረት በቅሎ ጭነት

የምኖረው ፓሳው፣ ሦስት ወንዝ ከሚገናኝበት፣
የጎርፉ ልክ በቀለም ግንቡ ላይ ካለበት፤
ምድር ቤት ወርጄ፣ ማታ ከሥራ መልስ፣
በቅሎ እለጉማለሁ፣ የማትበላ ገብስ።

የብረት በቅሎ ናት፣ ዕድሜዋ ሠላሳ፣
አንገቷ የቀጠነ፣ ወገቧ ያልሳሳ።
«አባትሽ ማን?» ብላት መልስ አይኖራትም፣
መሪዋና ጎማዋ ባንድ አልተወለዱም።

የሸጡልኝ ጎረቤት፣ ወይዘሮ ቫልቡርጋ፣
ሰማንያ ዩሮ አሉኝ፣ አልጨመሩም ዋጋ፤
«ባሌ ኮርቢኒያን ዝናብ አያስነካትም፣
ለእኔ ግን ጃንጥላ ይዞልኝ አያውቅም»
አሉና ሳቁ። ደሞ ዓይናቸውን ጠረጉ።
ምን ልበል? ገንዘቡን ቆጠርኩ እንደ ወጉ።

ጀመርኩ እንግዲህ። በፊትም በኋላ
ጭቃ መከላከያ፣ እንደ ሰፊ ጥላ፤
የኋለኛው ቢያጥር፣ ወለል ተቀምጬ
ቀጠልኩለት ጭራ፣ የወተት ዕቃ ቆርጬ፣
ከኋላዬ ላለ ጭቃዬ እንዳይደርሰው፤
መንገድ ላይ ጨዋነት ይኸው ነው የምለው።

ካቴናው ሲማታ ቀለም እንዳይልጣት፣
ያረጀ ካላማዳሪያ እግሯ ላይ ጠመጠምኩላት፤
ቦርሳው እየፋቀ ገላዋን እንዳያቆስል፣
ብረቱን ሸፋፈንኩ በናስትሮ፣ እንደ ቁስል።
ገጣባ በቅሎ ያየ ሰው ይሄን አይስትም፣
ክብደት አይደል የሚልጥ፣ ፍትጊያ ነው ሁልጊዜም።

የቆዳ ኮርቻዋ የሟቹን ቅርጽ ይዟል፣
ሰም ባበላውም እንኳ የኔን አልቀበል ብሏል።

መብራት ከዲናሞ፣ መስታወት ከግራ፣
ቃጭል ከመሪው ላይ፣ እግረኛ ሲያይ የሚጣራ፤
ሁለት የውኃ ኮዳ፣ የዝናብ ልብስ ለቦርሳ፣
አንድ ኪሎ ቁልፍ፣ ሌባ እንዳያነሣ።
ዳገት ላይ ግን ሌባው ራሱ ቁልፉ ይሆናል፣
ትንፋሼን ሰርቆኝ አብሮኝ ይሄዳል።

የመሪዋን ቡሽ ነቅዬ ሌላ ላደርግበት
ጥቅል ነገር አገኘሁ፣ ሰም የተቀባበት፤
ሃያ ማርክ።
የሞተ ገንዘብ፣ ዳቦ ሻጭ የማያውቀው፣
ኮርቢኒያን ለክፉ ቀን ሸጉጦ ያስቀመጠው።

ወሰድኩላቸው። በጣታቸው ዳሰሱና
«መልሰህ ክተተው፤ ክፉ ቀን እኮ ገና
ማርክ መቅረቱን አልሰማም» አሉኝ።
ከተትኩት።
ድንገት ከሰማ ብዬ፣ አምስት ዩሮ አከልኩበት።

በግንቦት ማለዳ በዳኑብ ዳር ወረድኩ፣
መንገዱ እንደራሰ፣ እኔ ደርቄ ሄድኩ፤
ሁሉ ተጠምጥሞ፣ ሁሉ ተቀባብቶ፣
በቅሎዬ ስታቃጭል፣ ልቤ በኩራት ሞልቶ፣
ሽሎገን ስደርስ፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት፣

ፍስስ።

ወረድኩ። ቦርሳውን ገለበጥኩት ሣሩ ላይ።
ልጣፊ አለ። ማጣበቂያ አለ። መፍቻ፣ ትርፍ ሽቦ፣
የቃጭሉ መለዋወጫ ብሎን እንኳ አለ።
ፓምፕ የለም።

ከዝናብ ከሌባው ሁሉን ጠበቅኳት፣
ነፋስ ነው የረሳሁት።
ዋጋ የለውም፣ የትም አይጠፋም ብዬ የተውኩት።

የጀልባው ሰው ወጣ፣ ዝገት የበላው ፓምፕ ይዞ፣
እንደ ወናፍ ነፋት፣ አንዴም ሳይናገር፣ ተክዞ።
የወተት ጭራዋን አየ፣ የእግሯን ጥምጥም፣
«ቃጭሏ ያምራል» አለ። ሌላ አልጨመረም።
ዋጋውን ስጠይቅ ራሱን ነቀነቀ፣
አንዴ ቃጭሏን መታ፣ ወደ ጀልባው ዘለቀ።

ሊንዝ ስገባ፣ ከዳቦም ከአልጋም በፊት፣
ፓምፕ ገዛሁ። ማሰሪያ አልነበረውም፣ ናስትሮውም አልቋል፤
በግራ ጫማዬ ክር አሰርኩት።