አሳንሰር

እኔ ዙኒልዳ ነኝ፤ ከታችኛው በር፣ ከመስኮቱ ኋላ፣
ትኬት የምቀድ፣ ሳንቲም የምቆጥር፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሰው የማሰላ።
ኒባልዶ ላይ ነው፤ ከኮረብታው ጫፍ፣ እጀታ ጨብጦ፣
ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ።
ያን የእንጨት ሣጥን በብረት ገመድ ሲልክ፣ ሲያመጣ፣
አሮጊት፣ ፍራሽ፣ የሽንኩርት ጆንያ፣ ሙሽራ ሲያወጣ፣
የቫልፓራይሶን ሰው ሁሉ ሲያወጣ፣ እሱ ከወንበሩ ሳይወጣ፣
ሆዱ ብቻ ወጣ።

ስምን መልአክ ያወጣል ቢባልም፣ መልአኩ ያን ቀን ተኝቷል፤
አሳንሰር ብሎት፣ ሰውዬውን አንድ ግራም ሳያሳንስ ይውላል።

የጤና ጣቢያዋ ሐኪም፣ ገና ልጅ፣ ወገቡን በሜትር ዞረች፤
በግ ሳይታረድ፣ ደም ሳይፈስ፣ ሞራውን አነበበች፦
«ጉበትህ ስብ ደርቧል። መራብ ብቻውን አያዋጣም፤
በረሃብ የሚሄድ ስብ ጡንቻህንም ይዞ ነው፤ ብቻውን አይወጣም።
ልብህን አሩጥ፣ በሳምንት አምስት ቀን፤ ሁለቱን ቀን ብረት አንሳ፤
በሁለት እሳት ነው የሚቀልጠው፤ አንዱን ይዘህ አንዱን አትርሳ።»

ከሐዲዱ ጎን ደረጃ አለ፤ መቶ ስልሳ አንድ እርከን፣
ድመትና ሰካራም የሚወጣው፣ ሽንት ሽንት የሚል ቢታጠብም በየቀን።
የመጀመሪያው ማለዳ፣ አርባኛዋ ላይ ቁጭ፤
ፊቱ የተቀቀለ ሸርጣን፣ ትንፋሹ ፉጭ ፉጭ።
ተረኛው ኢታሎ ከላይ ጮኸ፦ «ኒባልዶ! ሣጥኗን ልላክልህ ወይ?»
አልመለሰም። ምራቁን ዋጠ፤ ቀና አለ ወደ ላይ።

ማክሰኞና ዓርብ ከሞተሩ ክፍል ጀርባ ይገባና፣
ሁለት የቀለም ጣሳ አሸዋ ሞልቶ፣ በመጥረጊያ እንጨት ሰክቶ፣ ጎንበስ ቀና።
ቁጢጥ ብሎ ሲነሳ ጉልበቱ ሲንቋቋ፣ እታች ድረስ የሰማሁ ይመስለኛል፤
ከዚያ በዚያው እጁ ገመዱን ቅባት ይቀባል፤ ለብረት መድኃኒት ነው፣ የሰው ደም ሥር ግን ያንቃል።

ሚዛን የለውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ኦርሜሲንዳ ዓሣ ቤት ይሄድና፣
ኮንግሪዮ ከሚመዘንበት ላይ ይቆማል፣ ጫማውን ያወልቅና።
ሰባት ሳምንት። አንድ ኪሎ። አንድ!
«ይሄማ ያልበላሁት ቁርስ ነው!» አለ። አይ ኒባልዶ ሲነድ!
ያን ማታ ስድስት ኤምፓናዳ በቁጣ በላ። ሰኞ አልመጣም።
ማክሰኞ አልመጣም።
ረቡዕ መጣ፤ ጠራሁት፦ «ሚዛን አፍ እንጂ ዓይን የለውም፤
ቀበቶህን እይ፤ ጫፉ እንደ ደከመው ውሻ ምላስ ተንጠልጥሏል፤
ስቡ ቤቱን ሲለቅ ጡንቻ ተከራይቶ ገብቷል፤
ኪራዩ ያው ነው፤ ተከራዩ ግን ተለውጧል።»
ሚስማርና መዶሻ በመስኮቱ አቀበልኩት።
ቀዳዳውን ሲበሳ ቀበቶውን ያዝኩለት።

ነሐሴ ላይ ማዕበል መጣ፤ መብራት ጠፋ፤ ሁለቱም ሣጥን ቆመ።
ዶን ኤሌውቴሪዮ፣ ሰማንያ ሦስት ዓመቱ፣ ከጋዝ ሲሊንደሩ ጋር በሬ ላይ ተገተረ፤ ዘመመ።
ኒባልዶ በዝናብ ወረደ፤ ምንም አልተናገረ፤
ሲሊንደሩን ጫንቃው ላይ ጣለ፤ ሽማግሌው ጃንጥላ ይዞለት፣ ሽቅብ ጀመረ።
ሁለቴ ብቻ ቆመ፤ እሱም ለሽማግሌው ብሎ።
ከላይ ሲያወርደው ያለውን ኢታሎ ነገረኝ፣ ሲስቅ ውሎ፦
«አሥራ አንድ ኪሎ ጋዝ! ብረቱን ተወው። ይሄን ታቅፌ ነበር የማድረው፣ እንቅልፍ ተብሎ።»

ክብደቱ ቀነሰ ይላል ሰፈሩ። እኔ እንጃ። በእኔ ዓይን ጨምሯል።
ዛሬ ማለዳ ጮክ ብሎ እየቆጠረ ወጣ፤ ድምፁ እየራቀ ይሰማኛል፤
ተሳፋሪ ቆሞ፣ ሳንቲም እጄ ላይ፣ ከእሱ ጋር መቶ ስልሳ አንድ ደረስኩ።
ማታ ሂሳብ ስዘጋ ሦስት መቶ ፔሶ ጎደለኝ።
ከኪሴ ከፈልኩ።