ሁለተኛዋ ቀዳዳ

አፉላ፣ ከአውቶቡስ ጣቢያው ጀርባ፣ ከጫማ ሰፊው ጎን፣
ግሪሻ ሱቁን የሚከፍተው ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን፣
እኔ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ፣ ጣቴ በረኪና እየሸተተ፣
ቤቴ ልሄድ ስል እግሬ በመስኮቱ ፊት ተጎተተ።

ትንሽ ናት። ቁመቷ ከጉልበቴ አያልፍም።
አንድ መሳቢያ አላት፤ ሲስቧት አትጮህም።
በጎኗ ሁለት ቀዳዳ፣ የስልክ ገመድ የሚጎርሱ፤
ከጀርባዋ ሦስት ሜትር ሽቦ።
ሦስት ሜትር! እዚያው ቆሜ ክፍሉን በሐሳቤ ለካሁት፣
ከበሩ እስከ አልጋው በእርምጃ፣ የቀረውን በስንዝር ቆጠርሁት።

«ስንት?»
«ሁለት መቶ ሰማንያ።»
«ሁለት መቶ።»
ሳቀ፤ የወርቅ ጥርሱ ታየ።
እሱ ዕብራይስጡን በሩሲያኛ እያሸ፣ እኔ በአርማጭሆ አማርኛ፣
በተውሶ ቋንቋ ተሟገትን፣ ያለ ምስክር፣ ያለ ዳኛ።
«እንጨት እኮ ነው» አለኝ፣ በጣቱ መታ መታ አድርጎ።
እንጨት አይደለም። የተጣበቀ ሰጋቱራ ነው፤ አውቃለሁ።
ሁለት መቶ አርባ ላይ ቆምን።
«ለማን ነው?» አለ ሽቦውን ሲጠቀልል።
«መሬት ለሚተኛ ሰው።»
የሰማኝ አልመሰለኝም፤ ደረሰኝ ጻፈ።

አባቴ መሬት የሚተኛው አልጋ አጥቶ አይደለም።
ነገሩ እንዲህ ነው፤
የክፍሉ መሰኪያ አንድ ብቻ፣ እሱም ከበሩ ሥር፣
የስልኩ ገመድ አጭር።
አምና በክረምት፣ አንድ ሌሊት፣ ስልኩን ትራሱ ሥር አድርጎ ተኛ፤
ከጎንደር እህቱ ደወለች፣ እተ የዝብነሽ፣ የአልጋ ቁራኛ።
ባትሪው አለቀ።
የእሷም ትንፋሽ፣ ሳይነጋ፣ አለቀ።
በማግስቱ ማንንም አልወቀሰም።
ፍራሹን ብቻ ጎትቶ ከበሩ ሥር ዘረጋ፣
ስልኩን ሰካ፣ ከጆሮው አንድ ስንዝር፣
የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ፣ ደጅ እንደሚጠብቅ ዘበኛ፣
ስንት ሌሊት እዚያው ነጋ።
እኔም ከሥራ ስመለስ በላዩ ተራምጄ እገባለሁ።
አባትን ተራምዶ መግባት የየትኛው አገር ወግ ነው?

በአውቶቡስ አመጣኋት፣ ጭኔ ላይ አቅፌ እንደ ሕፃን።
አንድ ወታደር ልጅ ስልኩን አሳየኝ፤ «ልሰካ?» ብሎ ቀለደ።
«ገና ጡት አልያዘችም» አልኩት፤
ሳቁ እስከ ሾፌሩ ወረደ።

አባቴ ዞሮ ዞሮ አያት። በከዘራው ነካ አደረጋት።
«ጠረጴዛ መብራት ትበላለች ወይ?»
ሽቦዋን ከበሩ ሥር ሰካሁ፣ በግድግዳው ጥግ አሳለፍሁ፣
ስልኩን ከራስጌው አኖርሁ።
ወጥ ቤት ቆሜ የአልጋው ብረት ሲንሲያጥ ሰማሁ፤
ከዓመት በኋላ፣ አልጋ ላይ ወጣ።

ዓርብ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሌላ ጣጣ መጣ።
ከጠረጴዛዋ ጎን አንዲት ሰማያዊ ነጥብ፣
የጉንዳን ራስ የምታክል፣ የማትጠፋ።
እሱ ባደገበት ቀዬ ዓርብ ማታ እሳት ይጠፋል፣ ፍሙም ይዳፈናል፤
ሰንበት በጨለማ ትገባለች፣ ሰው በዳበሳ ይበላል።
«ይቺን ማን ለኮሳት?»
«ማንም አልለኮሳትም አባዬ፤ ከማክሰኞ ጀምራ እንደበራች ናት።»
አሰበ። ቄሱን ልጠይቅ አለ። ተወው።
ባርኔጣውን አውልቆ ደፋባት።
ሌሊት ግን አየኋት፤ በባርኔጣው ጠርዝ ሾልካ
ግድግዳውን ሰማያዊ አድርጋዋለች፤ ጥቂት፣ የጥፍር ያህል።
እሱ እያንኮራፋ ነበር።

ትናንት የእኔ ስልክ ደከመ። ሁለተኛዋ ቀዳዳ ባዶ ናት።
ገመዴን ይዤ ጎንበስ ስል እጄን ያዘኝ።
«እሷን ተያት።»
«ለምን?»
«የአዛናው ናት።»
አዛናው የእተ የዝብነሽ ልጅ ነው፤
ጎንደር ላይ ሻንጣውን ካሰረ አሥራ አራት ዓመት ሆነው፣
ስሙ ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው ሲዛወር ጢሙ ሸበተ።
«ከአውሮፕላን ሲወርድ ስልኩ ደክሞ ይሆናል» አለ አባቴ፣
የቀዳዳዋን አቧራ በአውራ ጣቱ እየጠረገ።

የእኔን ወጥ ቤት ሰካሁት፣ ከማቀዝቀዣው ጎን።