አላየሁም

ዓርብ ማታ ነበር፤ ከጦሳ የወረደ ጉም
ደሴን ደጃፍ በደጃፍ ይዞራል፣ አያንኳኳም።
አዳራሹ ሞልቷል፤ ብርዱን የሸሸም አለ፣ ክርክር የራበው፤
ስሜ በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ሁለቴ ቆሜ አነበብኩት፣ ሳልፈው።
«ከመዝገብ ወደ ማሽን» ይላል የንግግሬ ርእስ፣
የመርሳ ማሽላ የሠላሳ ዓመት ጥያቄ፣ በአንድ ሌሊት ሲመለስ።

እንዲህም አልኩ፦
«ሕይወት ምንድን ነው? ፊደል ነው፤ ቁጥር ነው፤ ሕግ ነው፤
እርሻ የሚወርድ ሰው ጭቃውን እንጂ ሕጉን አያየው።
አቀንጭራ፣ እነሆ፣ በየዘጠኝ ዓመቱ፣ በነሐሴ፣ ይጠፋል፤
ባዮሎጂ ያላየውን ስልተ ቀመሬ ያያል።»
ግድግዳው ላይ መስመሬ ወጣ፣ ወረደ፣ ዜሮን ነካ፤
እኔም አብሬው ወጣሁ እንጂ አልወረድኩም ለካ።

ዶክተር አራጋው ተነሡ፤ መደርደሪያ ሙሉ ጥናት ያሳተሙ፣
ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ፤ ገና ሳይጀምሩ የደከሙ።
«ማሽላና ማሽን፣ ልጄ፣ ሁለት ፊደል ነው የሚያዛምዳቸው፤
ከዚያ ወዲያ አይተዋወቁም፤ አንተም አታስተዋውቃቸው።»
አዳራሹ ሳቀ። መለስኩላቸው፤ ምን እንዳልኩ አልደግመውም፤
ዕድሜያቸውን ነካሁ፤ እሱ ከቁጥርም፣ ከሥነ ሕይወትም አይደለም።
እሳቸው ዲግሪዬን፣ እኔ ሽበታቸውን ስንወራወር፣
ማሽላው መሀል ወድቆ ማንም አላነሣውም ነበር።

ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። ጥቁር ሻሽ፣ የላስቲክ ቦርሳ።
ወይዘሮ ሐዋ ይመር ናቸው፤ ቴክኒሽያን፣ ከመርሳ፤
መዝገቡን የጻፉት፤ ስማቸው ከስላይዴ ግርጌ
እንኳ የለም፤ «ምንጭ፦ መዝገብ» ብዬ አልፌዋለሁ፣ በጥድፊያዬ።
«አፉ በሉኝ፣ ካቋረጥኩ። አንዲት ነገር ብቻ ልጠይቅ፤
ያቺ ዜሮ ያለችው ሳምንት ከየት እንደመጣች ለማወቅ።»
«ከመዝገቡ» አልኩ፣ ሰዓቴን እያየሁ።
«አላህ ይስጥልኝ» አሉ። ተቀመጡ። እኔም ያሸነፍኩ መሰለኝ፣ ቀጠልሁ።

ጭብጨባው አልቆ ሰው ሲበተን ደረጃው ላይ ጠበቁኝ፤
ጥጉን አይጥ የቀመሰው ደብተር ከላስቲኩ አውጥተው አሳዩኝ።
ገጹን በአውራ ጣታቸው ያዙልኝ፤ ስልኬን አበራሁበት፤
በሰማያዊ እስክሪብቶ «አላየሁም» ይላል፣ እኔ ዜሮ ያልኩበት።

«ያን ሳምንት ልጄን ወባ ይዞት ወልድያ ሐኪም ቤት ነበርኩ፤
እርሻው ጋ አልሄድኩም፤ ስላልሄድኩም አልቆጠርኩ።
ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ደግሞ ወንዙ ሞልቶ አላሻገረኝ፤
አቀንጭራው የትም አልሄደም፤ የሄድኩት እኔ ነኝ።»

«ምነው ታዲያ እዚያው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ቢናገሩ?»
ጉሙ መሀላችን ገባ፤ ሻሻቸውን አጠበቁ፣ አላማረሩ።
«ሰው ፊት ያረሙት ስሕተቱን አጥር ሠርቶ ይጠብቃል።
አብሽር፤ ማሽንህ ጥሩ ነው፤ ‹አላየሁም› ማለት ይማራል።»
«እኔም አንዴ ገበሬ ላይ ስቄ አውቃለሁ» ብለው ጀመሩ፤
ባጃጅ መጣች፤ ቀሪውን እንደያዙት ወደ ሸዋ በር ተሻገሩ።

ያን ሌሊት ዜሮዎቹን ለቀምኩ፣ ከምስር ጠጠር እንደሚለቀም።
አሥራ ሰባት ነበሩ። ባዶ ቦታ ተውኩላቸው። ጎሕ ሲቀድም
መስመሬ ከወለሉ ተነሥቶ፣ ሕጌ በወጉ ሞቶ፣
አየሁት፣ ሻዬ በጎኔ ቀዝቅዞ፣ ዝንብ ገብቶበት።

በሚቀጥለው ዓርብ ቆምኩ። «ተሳስቻለሁ»፦ ሲጽፉት አጭር ቃል፤
ጉሮሮ ላይ ሲጋደም ግን ርዝመቱ ይታወቃል።
ዶክተር አራጋው ይስቃሉ ብዬ ትከሻዬን ቋጥሬ ስጠብቅ፣
መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉት፤ አልቸኮሉም ለመናገር።
«ያን ደብተር በየወሩ ፈርሜበታለሁ» አሉ፤
«ሠላሳ ዓመት። ከፊርማዬ በላይ ያለውን አንድ ቀን አላየሁም» አሉ።

ዛሬም አንስማማም። እሳቸው ማሽኔን «ቆጣሪ» ይሉታል፤
እኔም ሕይወት ሕግ አላት እላለሁ፤ ድምፃችን አንዳንዴ ይጋላል።
ብቻ «ላቋርጥዎ?» እላለሁ፤ «ልጨርስና» ይሉኛል፤
እውነትም ይጨርሳሉ፤ መጠበቅ ግን እስካሁን ያሳክከኛል።

ከስላይዴ ግርጌ አሁን ስም አለ፦ ሐዋ ይመር፣ መርሳ።
ፊደሉ ግን፣ ትናንት ሳየው፣ ከኔ ስም ገና ያንሳል።