መራጭና ምራጭ

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ዊኒፔግ፣ ምድር ቤት፤
ከላይ በሽተኞች፣ ከታች የእኛ እሳት።
ማድረቂያው ይተፋል የሞቀ አንሶላ፣
አንድ ክምር ከፊት፣ አንድ ክምር ከኋላ።
ማሪሴል ካንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ፣
ማፈግፈግ፣ መጠጋት፣ ማራገፍ፣ ማጣጠፍ።

ከዚያ የእረፍት ደወል። ሠላሳ ደቂቃ።
ስልኬ ትቆማለች ፎጣ መሃል ታጭቃ።
የማስተርስ መግቢያው ፈተና ደርሶብኝ
አስተማሪ ልመርጥ፤ ማን ያስተምረኝ?

በአርባ አንድ ዓመቴ ስታቲስቲክስ አሰኘኝ።
(ልጄ ያፌት ሰምቶ “የምርሽን ነው?” አለኝ።)
የመጨረሻዋን እኩልታ የፈታሁ
በጠመኔ ነበር፣ እጄን እያራገፍሁ።
ከዚያ ወዲህ ኤክስን የማውቃት ቅጽ ላይ፣
“እዚህ ጋ ፈርሚ” ብላ ስትታይ።

የመጀመሪያው ሰውዬ ጥርሱ በጣም ነጭ ነው፤
“በሠላሳ ቀን ውስጥ ውጤትሽ ይፈነዳል” ነው የሚለው።
ቦምብ አልጠየቅሁትም። አለፍሁት።

ሁለተኛዋ ሰባት ቀን በነፃ ታስተምራለች፤
በስምንተኛው ሌሊት፣ ሳታንኳኳ፣
ሠላሳ ዘጠኝ ዶላር ከካርዴ ይዛ ትወጣለች።
በሰባት ቀን እኔ ክፍልፋይን እንኳ
ሰላም ብዬ አልጨርስ።

ሦስተኛው ጎበዝ ነው፤ ጥፋቱም ጉብዝናው።
“ይህማ ግልጽ ነው” ይልና ሦስት መስመር ይዘላል፤
እኔ ግልጹ ውስጥ ወድቄ
ድምፁ ርቆ ይሄዳል።

አንዱ መተግበሪያ ነው። ካገኘሁ ያጨበጭባል፤
ከሳትሁ አንዲት ጥንቸል ጆሮዋን ጥላ ታለቅሳለች።
ሦስት ጥንቸል አስለቅሼ ዘጋሁት፤
የማባብልበት ሌሊት የለኝም፣
ስምንት መቶ አንሶላ ይጠብቀኛል።

አንዱ ደግሞ አራት ሺህ ጥያቄ ከነመልሱ።
መልሱ “ሐ” ነው ይላል፤
ለምን “ሐ” እንደሆነ ያውቀዋል እሱ።

ያፌት አዝኖልኝ ሰንጠረዥ ሠራልኝ፦
ዋጋ፣ ርዝመት፣ የኮከብ ብዛት።
ሰንጠረዡን ሳጠና ሳምንት አለፈኝ፤
ፈተናው ስለ ያፌት ሰንጠረዥ አይጠይቅም።

ሦስት ሳምንት። አሥራ ዘጠኝ መስኮት ተከፍቶ፣
አንድ ጥያቄ እንኳ በእጄ ሳይፈታ።
መራጭ ይወድቃል ከምራጭ ሲባል
ለባል ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ ግን ጣቴ ስቶ ሃያኛው ተከፈተ።
ደብዛዛ ነው። ፊት የለም።
እጅ ብቻ፣ የአሮጊት እጅ፣
ጅማቱ የወጣ፣ ቀለበቱ የሰፋ፤
ማርከሩ ደርቆ ሲጥ ሲጥ ይላል።
ሁለት መቶ አሥራ አንድ ጊዜ ታይቷል፤
ስንቱን ራሷ እንዳየችው እንጃ።
መሃል ላይ ቆመች። ሳለች።
“ቆይ፣” አለች፣ “ተሳስቻለሁ። የት ጋ እንደሆነ እንይ።”
ቆርጣ አላወጣችውም።
መስመር በመስመር ሽቅብ ተመለሰች፤
የመቀነስ ምልክቷ
አራተኛው መስመር ላይ ወድቃ ተገኘች።

ማሪሴልም ጫፉ አልገጥም ሲላት እንዲሁ ናት፤
አትሳደብም። አንድ እርምጃ ታፈገፍጋለች፣
ታራግፋለች፣ እንደገና።

አሥራ ዘጠኙን መስኮት ዘጋሁ።
ሃያ ሲቀነስ አሥራ ዘጠኝ፤
የዚህ ወር የመጀመሪያ ሒሳቤ። ትክክል ነው።

እጇ ሁለትን ጻፈች፣ ትከሻው ላይ ትንሽዬ ሦስት፤
ርቢ ይሉታል።
አንድ ጊዜ ሲታጠፍ ሁለት ንብርብር፣
ሁለት ጊዜ ሲታጠፍ አራት፣
በሦስተኛው
“ማሪሴል!” አልኋት፣ “ስምንት ነው!”
“ምኑ?”
“አንሶላው፣ ሲታጠፍ።”
ዳቦዋን እያኘከች አየችኝ።
“አሥራ አንድ ዓመት ቆጥሬዋለሁ፣” አለች፣
“ስምንት ያልሆነበት ቀን የለም።”

ደወሉ ጮኸ። ቪዲዮው አራት ደቂቃ ይቀረዋል።
ስልኬን ሳላጠፋ ኪሴ ከተትሁ፤
እጇ ጨለማው ውስጥ ሲጥ ሲጥ እያለች
ከጭኔ ጋር ትራመዳለች።