የክዳኑ ቦታ

ኮዬ ፈጬ ነው፣ ከወፍጮ ቤቱ ማዶ፤
የፍሳሹን ክዳን ሌባ ነቅሎት ሄዶ
ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ አደረ።
ለወረዳው ነገርን፤ «መዝግበናል» አሉ።
መዝገብ ጉድጓድ አይከድን፣ ገጹ ቢሞላ ሁሉ።

እኔም ዘልዬው አለፍኩ፣ ታክሲ እንዳያመልጠኝ፤
አንድ ቀን አይደለም፣
አስራ አንድ ቀን ነው፤ ቁጥሩ ነው የሚቆጨኝ።

በአስራ ሁለተኛው ቅርንጫፍ ቆሞ አየሁ፣
የባሕር ዛፍ፣ እርጥብ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ፌስታል።
ማን ተከለው ብዬ ዘበኛውን ጠየቅሁ።
ኦቦ ኩምሳ፣ ሲጠየቁ መጀመሪያ ይስላሉ፤
«ጤፍ ነበረኝ እዚህ፤ እኔ መሬቱን አውቀዋለሁ፤
የማያውቅ ሰው አይውደቅበት» ይላሉ።

ፍየል ቅጠሉን ትግጣለች፣ ሲኖትራክ ይገጨዋል፣
ልጆች ፈረስ ያደርጉታል፤
ማታ ሌላው ተተክቶ ያድራል።

ሰኔ ነው፣ መብራት ጠፍቷል፣ ዝናቡ ዓይን አያስገልጥም፤
ልጄን አዝዬ ስሮጥ
እርጥብ ቅጠል ጉንጬን በጥፊ መታኝ።
ቆምኩ። አንድ እርምጃ ነበር የቀረኝ።

ማመስገን ነበረብኝ። ሰኞ አልኩ፣ ማክሰኞ አልኩ፣
ታክሲው መጣ፣ ገባሁ፤ እንዲሁ ከረምኩ።

ከዚያ ለቅሶ ሄዱ፣ ገላን፣ ወንድማቸው ሞቶ።
ቅርንጫፉ ደረቀ፤ በሦስተኛው ቀን አጣሁት፣ ወድቆ ተረግጦ።
እኔ ዛፍ የለኝም፣ አራተኛ ፎቅ ነኝ።
የመወልወያዬን እንጨት ነቀልኩ፣
የልጄን ቀይ ካልሲ ጫፉ ላይ አሰርኩ፤
ተጣመመብኝ፣ ድንጋይ አስደገፍኩ።

ተመልሰው አዩት። ሳሉ።
በእጃቸው ትንሽ አቀኑት፤
ምንም አላሉ።